ሰላም ሳይል ያለፈው ሰው

ቦንጋ ውስጥ ተሾመችን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ፋይል ጠፍቶበት አያውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዞኑ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ መዝገብ ቤት ተቀምጣ የሰውን ደብዳቤ ስትቀበል፣ ስትመዘግብ፣ ስታወጣ ኖራለች። ከቤቷ እስከ ቢሮዋ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። እሷ ግን አርባ ደቂቃ ትይዝለታለች፤ ሃያው ለሰላምታ ነው። የባጃጅ ሾፌሩን፣ ቆጮ ሻጯን፣ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ አንዳቸውንም አታልፍም። እንዴት አደርክ ብቻ ብላ ብታልፍ ደግ ነበር፤ የልጁ ጉንፋን ተሻለው ወይ፣ ላሟ ወለደች ወይ፣ ያ ጣሪያ ተሠራ ወይ፣ ሁሉንም ትጠይቃለች። «ይህቺ ሴት ለምርጫ ልትወዳደር ነው እንዴ?» ይላሉ የቢሮ ጓደኞቿ።

ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ሰላም የማይላት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ተክለጻድቅ።

እናትና አባታቸው የወለዱት ሁለቱን ብቻ ነው። ሰላም ካላት አራት ዓመት ሆኖታል። ከመንገዱ ማዶ ሲመጣ ታየዋለች፤ አፏን ትከፍታለች፤ እሱ ግንብ እንደሚያይ ሰው አይቷት ያልፋል። ፊቱን ቢያዞርባት እንኳን ይሻል ነበር፤ ፊት የሚያዞር ሰው ቢያንስ መኖርሽን አውቋል። ያን ቀን ቢሮ ገብታ እስከ ምሳ ድረስ የገቢውን ደብዳቤ በወጪው መዝገብ ላይ ትጽፋለች። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልካለች። ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌዎቹ ጨዋ መስተንግዶና ባዶ መልስ ይዘው ተመልሰዋል።

እንግዲህ ይህቺ ሴት በአርባ አራት ዓመቷ ፊልም ሠራች ቢባል ማን ያምናል? ግን ሠራች፤ እኔም ይህን ልነግራችሁ ነው የተነሣሁት።

ነገሩ የመጣው በልጇ ነው። ወንጌላዊት ጅማ ነርሲንግ ልትማር ስትሄድ፣ «እማዬ፣ ቤት ብቻሽን ቁጭ ብለሽ ግድግዳ ከምታዪ አንቺም ተማሪ እንጂ» አለቻት። ተሾመች አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤት ሳይመጣላት የቀረች ናት፤ ነገሩ ሁልጊዜ ይቆጫት ነበር። ቅዳሜና እሁድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን መማር ጀመረች። ቅዳሜ የሳምንት ልብሷን ስታጥብ የምትውል ሴት፣ ልጇን ከሚያካክሉ ወጣቶች መሃል ተቀምጣ ማስታወሻ ትይዛለች። አምስት ዓመት እንዲህ ሄደ። በመጨረሻ አንድ ኮርስ ቀረ፤ እሱም ቪዲዮ ሥራ።

መምህሩ ልዑልቃል የሚባል ቀጭን ልጅ ነው፣ ጢሙ ገና ሊበቅል ወይ ሊቀር ያልወሰነ። የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ልብ አንጠልጣይ» ብሎ ጻፈ።

«ልብ አንጠልጣይ ፊልም ማለት ደም አይደለም፤ ጩኸትም አይደለም» አለ። «አንድ ነገር አለ። ሌላው ሁሉ ያውቀዋል፤ አንዱ ብቻ አያውቀውም። ያ ያላወቀው ሰው እየሳቀ ሲመጣ እናንተ ወንበራችሁ ላይ መቀመጥ ያቅታችኋል። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ተማሪው ሁሉ ጻፈ። ተሾመች ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ለምን እንደሆነ ያን ቀን ለራሷም አልነገረችም።

ሥራው እንዲህ ነበር፦ ሦስት ሦስት ሆናችሁ የልብ አንጠልጣይ ፊልም መክፈቻ ሥሩ፤ ሁለት ደቂቃ ብቻ። ከዚያ እያንዳንዳችሁ ምን እንዳሰባችሁ፣ የት እንደተሳሳታችሁ፣ ምን እንደገባችሁ ጽፋችሁ ክፍሉ ፊት ታነባላችሁ። «ሪፍሌክሽን» ይለዋል እሱ። ኮርሱ በዓመት አንዴ ስለሚሰጥ፣ የወደቀ በሰኔ ከጓደኞቹ ጋር ጋውን አይለብስም።

ተሾመች የደረሷት ሙሌና ቤዚ ናቸው። ሙሌ የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሳ፣ ካሜራውን ከራሱ በላይ የሚወድ ልጅ ነው። ቤዚ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ተዋናይ መሆን ስለምትመኝ ራስ ምታት ክኒን ስትሸጥ እንኳን እያለቀሰች መሸጥ ትችላለች። ታሪኩን ያመጣው ሙሌ ነው። አንዲት ልጅ ጫካ ውስጥ ብቻዋን ትሄዳለች፤ ገጀራ የያዘ ሰው ከኋላ ይከተላታል። አለቀ።

«ሰውዬውስ ማን ይሁን?» አለች ቤዚ።

«እኔ ሰው አላጣም» አለች ተሾመች። የማንኪራው ንብ አርቢ ጋሽ ሣህሌ የመሬት ጉዳያቸውን ሊከታተሉ ቢሮ ሲመላለሱ ያወቋት፣ ረጅም፣ ፊታቸው ኮስተር ያለ ሽማግሌ ናቸው። ከሩቅ ላያቸው ያስፈራሉ። ከቅርብ ግን ማር ናቸው፤ ችግሩም እሱ ሆነ።

ወደ ማንኪራ የቡና ጫካ ባጃጅ እስከሚገባበት ሄደው ቀሪውን በእግራቸው ገቡ። ሙሌ ካሜራውን ተከለ፤ ቤዚ የፈራች መስላ በቡናው መሃል በቀጭኑ መንገድ መሄድ ጀመረች። ጋሽ ሣህሌ ገጀራቸውን ይዘው ከኋላ ተከተሉ። ደረሱባት።

«እንዴት ዋልሽ ልጄ? ብቻሽን ነው? ወዴት ነው?» አሏት።

«ጋሼ! ሰላም አይበሏት! ሊገድሏት እኮ ነው!» ጮኸ ሙሌ።

«እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ።»

እንደገና ሆነ። ጋሽ ሣህሌ ደረሱ፤ ቃል አልተናገሩም፤ ግን ባርኔጣቸውን አነሱ። ቤዚም ደግሞ ከኋላዋ ሽማግሌ መምጣቱን ስታውቅ፣ እናቷ እንዳስተማረቻት ከመንገዱ ወረድ ብላ አንገቷን ደፋች። በሦስተኛው ጊዜ እንጨት የተሸከመች ሴት በዚያ ስታልፍ ቤዚ ስትሮጥ አየችና ሸክሟን ወርውራ፣ «ምን ሆነሽ ነው? ማን ነካሽ?» ብላ ክንዷን ያዘቻት። ጋሽ ሣህሌን ስታይ ደግሞ፣ «እርስዎ ካሉማ» ብላ ሸክሟን አንስታ ሄደች። በስድስተኛው ሙሌ ተስፋ ቆረጠ። ያለውን ቆራርጦ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ከላይ ከበሮ የሚደለቅበት አስፈሪ ሙዚቃ ጫነበት።

ክፍል ውስጥ ሲታይ የሆነውን ተሾመች እስከ ዛሬ ስታስበው ጆሮዋ ይሞቃል። ከበሮው ይደለቃል፤ ገጀራ ያብለጨልጫል፤ ከዚያ እኚያ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አንስተው፣ ድምፅ በሌለው አፋቸው «እንዴት ዋልሽ ልጄ» ሲሉ በግልጽ ይታያል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከወንበሩ ወደቀ።

መምህር ልዑልቃል መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። «ይሄ እኮ ገዳይ አይደለም፤ ሙሽራ ሊሸኝ የወጣ አጎት ነው» አለ። ከዚያ ድምፁን ለዘብ አደረገ። «ገጀራ ይዞ የሚሄድ ሰው እዚህ አገር ማንን ያስፈራል? ሁሉ ሰው ይይዛል። ከሌላ ፊልም ያያችሁትን አታምጡ። እናንተን ራሳችሁን የሚያስፈራችሁን አምጡ። ሁለት ሳምንት ሰጥቻችኋለሁ፤ ሁለተኛ ዕድል ግን የለም።»

ቅስማቸው ተሰብሮ ሻይ ቤት ገቡ። ሙሌ ካሜራውን እንደ ታመመ ልጅ ታቅፎ ተቀመጠ።

«እሺ፣ ምን ያስፈራችኋል?» አለች ቤዚ። «እኔ ራሴ እናቴ ስልክ ካላነሳችልኝ እፈራለሁ።»

«እኔ ጅብ» አለ ሙሌ።

ተሾመች ሻይዋን እያማሰለች ነበር፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። «የሚያውቅሽ ሰው» አለች፣ ዓይኗን ከብርጭቆው ሳታነሳ፣ «በደንብ የሚያውቅሽ ሰው፣ ሰላም ሳይልሽ ሲያልፍ።»

ሙሌ ቀስ ብሎ ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እትዬ ተሾመች» አለ፣ «ይሄ እኮ ነው።»

በገበያ ቀን ጋሽ ሣህሌ ቦንጋ ሲወጡ ያዟቸው። አሁን ገጀራ የለም፣ ጫካ የለም፤ ቤዚን ዝም ብለው አይተዋት ማለፍ ብቻ። ሽማግሌው ሞከሩ። ሲቃረቡ አንገታቸው በራሱ ጎንበስ አለ። ደግመው ሞከሩ፤ አሁን እጃቸው ወደ ባርኔጣቸው ሄደ። ሦስተኛው ላይ ላብ አጠመቃቸው።

«ልጆቼ፣ ይቅር በሉኝ» አሉ። «ሰው ዓይን ለዓይን አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ለካ ጉልበት ይፈልጋል። እኔ የለኝም። እሱን የለመደ ሰው ፈልጉ።»

እንዲህ ሲሉ ተሾመችን አላዩም፤ ላለማየትም ተጠነቀቁ። እሷ ግን ወዲያው ገባት። የለመደውን ሰው ታውቀዋለች።

እንግዲህ የጸቡን ነገር ልንገራችሁ፤ ከዚህ በላይ ባቆየው ነውር ይሆናል።

ከአራት ዓመት በፊት ተክለጻድቅ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዶ ሳለ እናታቸው እትዬ ዙፋን ድንገት አረፉ። ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ልብሳቸውን እያሰጡ። ተሾመች ስልክ ደወለችለት። ምን ልበለው? መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ከወዳጅ ዘመድ ርቆ፣ መንገድ ላይ ብቻውን፣ ማን ይዞት ማን አጽናንቶት እንዲህ ያለ ነገር ይሰማል? እንደ ወጉ አደረገች፤ «እማዬን ትንሽ አሟታል፣ ብትመጣ ደስ ይላታል» አለችው። ድምፅዋ እንዳያስነቃባት ትንሽ ሳቀች ሁሉ። ያቺ ሳቅ ናት የጎዳችው።

ትንሽ ያማት ሰው ዘንድ በሌሊት ተነሥቶ የሚሮጥ የለም። ሥልጠናውን ከሰዓት ጨርሶ ተነሣ፤ ጅማ ሲደርስ መሽቶ አደረ። በማግስቱ ደወለ፤ «እንዴት አደረች?» አለ። «ደህና ናት፣ ና ብቻ» አለችው፣ ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ተተክሎ። ከጅማ ወዲህ ዝናብ መንገዱን ቆርጦት መኪናው ሲቆም ሲነሣ ዋለ። ዕድርተኛው ጠበቀ፤ ካህናቱ ጠበቁ፤ ከዚያ በላይ መጠበቅ አልተቻለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀበሩ። እሱ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መናኸሪያ ወረደ። መናኸሪያው ሁሉ ያውቃል። ሾፌሮቹ ያውቃሉ፤ ረዳቶቹ ያውቃሉ፤ ሰላም እያሉት መሬት መሬት ያያሉ። እሱ ብቻ አላወቀም። በእጁ የያዘው ፌስታል ሙሉ ብርቱካን ነበር።

ሽማግሌ በላከች ቁጥር ተሾመች የምትለው አንድ ነበር፦ «እንደ ወጉ ነው ያደረግሁት፤ ማንም ሰው ቢሆን እንዲሁ ነው የሚያደርገው።» እውነቷን ነው። ሽማግሌዎቹም ይህንኑ ነው የነገሩት። እሱ ግን ቡና አፍልቶ፣ ምሳ አብልቶ፣ ይህንን ሰምቶ ይሸኛቸዋል።

ማክሰኞ ከቢሮ እንደወጣች እግሯ ወደ ጋራዡ ወሰዳት። ተክለጻድቅ ባጃጅ ይጠግናል። ስትደርስ ከአንድ ሰማያዊ ባጃጅ ሥር ተኝቶ ነበር፤ የሚታየው ከጉልበቱ በታች ብቻ። እፎይ አለች። ከእግር ጋር ማውራት ከፊት ጋር ከማውራት ይቀላል።

«ተክሌ፣ እኔ ነኝ። እርቅ ልጠይቅህ አልመጣሁም።»

መፍቻው መንኳኳቱን አቆመ።

«ለሥራ ነው የመጣሁት። ትምህርት ቤት ፊልም ሥሩ ተባልን። አንድ ሰው መንገድ ላይ እህቱን እያየ ሰላም ሳይላት ያልፋል። ከዚያ ሌላ የለውም። ጋሽ ሣህሌን ሞከርናቸው፣ አልሆነላቸውም። ከአንተ በቀር የሚችል ሰው ከተማው ውስጥ የለም።» ወደ እግሮቹ ጠጋ አለች። «ሰላም በለኝ አላልኩህም። እንዳትለኝ ነው የምለምንህ። ካልሠራነው አልመረቅም።»

እግሮቹ አልተንቀሳቀሱም። ዘይት ጠብ ጠብ ይላል። በቃ፣ አዋረድኩ ራሴን፣ ብላ ልትዞር ስትል ከባጃጁ ሥር ድምፅ መጣ።

«የት ነው?»

ከአራት ዓመት በኋላ የሰማችው የመጀመሪያ ቃሉ ይኸው ነው። ቦታውንና ሰዓቱን ነግራው ወጣች፤ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ግንብ ተደግፋ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ከገበያው ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ላይ ጉም እንደተለመደው ቤቶቹን ግማሽ ድረስ ውጧቸዋል። ሙሌ ካሜራውን ተክሎ በደስታ እጁን ያፋትጋል። ቤዚ የፊልሙን ነጠላ ለብሳ ቆማለች። ተክለጻድቅ የሥራ ቱታውን እንደለበሰ መጣና ሙሌን ብቻ ሰላም አለው። ቤዚን አንዴ አለፈ። ሙሌ ካሜራውን እያየ ከንፈሩን ነከሰ።

«ምነው?» አለች ቤዚ።

«ምንም ስሜት የለውም። የማያውቃትን ሴት ነው ያለፈው።» ሙሌ ሳይወድ ወደ ተሾመች ዞረ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ራስዎ መቆም አለብዎት።»

ተሾመች ከቤዚ ትከሻ ነጠላውን ወስዳ ለበሰች። መንገዱ መሃል ቆመች።

ተክለጻድቅ ከጉሙ ውስጥ ወጣ። እያንዳንዱን እርምጃውን ታውቀዋለች፤ ሕፃን ሳለ መራመድ ያስተማረችው እሷ ናት። መጣ፤ ቀረበ፤ ዓይኑ ፊቷ ላይ አረፈ፤ ምንም አላየም። አለፈ። ትወና አልነበረም፤ የአራት ዓመቱ ነገር ነው። ተሾመችም ምንም አላስመሰለችም። በእጇ ነጠላውን ጨምድዳ ይዛለች። ቤዚ ከካሜራው ኋላ አፏን በመዳፏ ያዘች።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ቆመ። ጀርባውን እንደሰጣት ቆመ። ሙሌ ጣቱ ማጥፊያው ላይ ነበር፤ አላጠፋውም።

«ደህና ናት አልሽኝ» አለ ተክለጻድቅ፣ ሳይዞር።

ተሾመች አንድ እርምጃ ወደ እሱ ተራመደች።

«ጅማ ሆኜ ደወልኩልሽ። ደህና ናት አልሽኝ። መጀመሪያ ስትደውዪልኝማ ሳቅሽ ሁሉ።» ዞረ። ፊቱ አሁን ግንብ የሚያይ ሰው ፊት አልነበረም። «ብርቱካን ስመርጥላት ነበር እኮ። አንድ በአንድ፣ ጣፋጩን እያሸተትኩ። እሷ ሬሳ ሳጥን ውስጥ ናት፣ እኔ ብርቱካን አሸታለሁ። አገር ሁሉ ያውቃል፣ እኔ ብቻ እንደ ቂል!»

ሁልጊዜ የምትለው ቃል አፏ ድረስ መጣ፤ እንደ ወጉ ነው ያደረግሁት። አልወጣም። የመጣላት ያ ቀጭን መምህር ሰሌዳው ፊት ቆሞ ያለው ነው። ሌላው ሁሉ ያውቀዋል፤ አንዱ ብቻ አያውቀውም። ያን ቀን እስክሪብቶዋን ያስቀመጣት ይህ ነበር። በአውቶቡስ መስኮት አጠገብ፣ ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ምንም ሳያውቅ የሚመጣ ወንድሟን ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሱ ወገን ሆና አየችው።

«አጠፋሁ» አለች። «ተክሌ፣ አጠፋሁ። ብቻህን እንዳትሰማ ብዬ ብቻህን አስቀረሁህ። ልነግርህ ይገባኝ ነበር። እናትህ ናት፤ ልነግርህ ይገባኝ ነበር።»

አራት ዓመት ሙሉ የጠበቀው ይህችን ነበር። ወግ ይሁን አይሁን ማንም እንዲያስተምረው አልፈለገም። ተመልሶ መጣ፤ መንገዱ መሃል፣ ሁለት ባጃጆች ጥሩንባ እየነፉባቸው፣ ዘይት በነካ ቱታው አቀፋት።

«እቴቴ» አላት። ልጅ ሆኖ የሚጠራት እንደዚያ ነበር። «ከእንግዲህ ክፉም ይሁን ደግ፣ በስልክም ይሁን በምንም፣ እንደሰማሽ ንገሪኝ። እኔ እችለዋለሁ። አለማወቁን ነው የማልችለው።»

ሙሌ ይህን ጊዜ ካሜራውን አጠፋ። ቤዚን ብትጠይቋት፣ ዓይኑ ሥር እንባ እንደነበር ትምላለች፤ እሱ ጉም ነው ይላል።

ፊልሙን ለመቁረጥ ሲቀመጡ ሙሌ፣ «ሁሉንም እንዳለ እንተወው፤ እንዲህ ያለ ትዕይንት በሕይወቴ አላገኝም» ብሎ ተሟገተ። ተሾመች እንቢ አለች። ተክለጻድቅ አልፏት አራተኛው እርምጃ ላይ፣ ከመቆሙ በፊት፣ ይቆረጥ አለች። ከበሮም አይኑር። እግሩና ጉሙ ብቻ።

የማቅረቢያው ቀን ክፍሉ ገና ከመጀመሪያው ፈገግ ብሎ ጠበቃቸው፤ ባርኔጣ አንሺውን ሽማግሌ ነው የጠበቁት። ሰውየው ከጉሙ ወጣ፤ እህቱን አየ፤ አለፈ። ስክሪኑ ጠቆረ። አንድም ሰው አልሳቀም። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ፣ «ወይኔ እግዚአብሔር፣ ምን አድርጋው ነው?» ሲል ተሰማ።

ተሾመች ተነሥታ ወረቀቷን ዘረጋች። ቤዚ አዘጋጅታ የሰጠቻት ስለ ብርሃንና ስለ ካሜራ ማዕዘን የሚል አንድ ገጽ ነበር፤ እሱን አጠፈችና የራሷን አነበበች።

«በመጀመሪያ የሠራነው ሰውን የሚያስፈራው ገጀራ ነው ብለን ነው» ብላ አነበበች። «ተሳስተናል። የተሳሳትነው ጋሽ ሣህሌ ትወና ስላልቻሉ አይደለም፤ እኛ የማናምንበትን ስላሠራናቸው ነው። ሁለተኛ፣ መምህራችን ልብ አንጠልጣይ ማለት አንዱ ብቻ ሳያውቅ ሲቀር ነው ብለውናል። ይህን በፊልም ማየት ደስ ይላል። በሰው ላይ ማድረግ ግን ከባድ ጥፋት ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ካሜራ ፊት ቆሜ ነው። ሦስተኛ፣ ድምፁ መጥፎ ነው፤ ባጃጅ ገብቶበታል፤ ማይክራፎኑን ነፋስ መትቶታል። ብንደግመው ይህን እናስተካክል ነበር። ግን አንደግመውም።»

መምህር ልዑልቃል ወደ ጠቆረው ስክሪን አመለከተ። «እትዬ ተሾመች፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰውየው ሊቆም ይመስላል፤ እግሩ ሊያርፍ ሲል ቆረጣችሁት። ከዚያ በኋላ የተቀረጸ ነገር አለ?»

«አለ።»

«ታዲያ ለምን አላሳያችሁንም?»

«መክፈቻውን ነው ያዘዙን፤ እሱን ሰጥተናል» አለች። «ቀሪው የእኔ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። ይህኛው ሳቅ ግን ጆሮዋን አላሞቀውም። መምህሩም ሳቀና ውጤታቸውን ወረቀቱ ላይ ጽፎ ነገራቸው፤ ድምፁ በእርግጥ ብዙ ነጥብ አስቀንሷቸው ነበር።

ከክፍሉ ወጥታ ደረጃው ላይ ሳትወርድ ስልኳን አወጣች። ተሾመች ስልክ ስትደውል ሰላምታዋ ብቻ አንድ ካርድ ይጨርሳል ይሏታል። ያን ቀን ግን ተክለጻድቅ «ሃሎ» እንዳለ፣ እንዴት ዋልክ ሳትል፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው ሳትል፣ አወረደችው፦

«ሲ ፕላስ ነው። አልፌያለሁ። ድምፁ መጥፎ ነው ብሎ ቀንሶብናል፤ ፊልሙን ግን ወዶታል። በሰኔ እመረቃለሁ። ይኸው፣ ከመምህሩ አፍ እንደወጣ ነገርኩህ።»

ከወዲያ ማዶ መፍቻ መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማች።

«ሲ ፕላስ?» አለ ተክለጻድቅ። «እኔ ገብቼበት ሲ ፕላስ? ማነው ይሄ መምህር? የት ነው ቤቱ?»

ተሾመች ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ልቅሶውም ተመልሶ ሳቅ ሆነ። የሚያልፉት ተማሪዎች «ደህና ነዎት እትዬ?» እያሉ ይጠይቋታል፤ እሷ እጇን እያወዛወዘች፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ትላቸዋለች።

«በይ አሁን ወደ ቤት ነይ» አላት። «ልጆቹ አክስታችን መቼ ነው የምትመጣው እያሉ አላስቀምጥ አሉኝ። ዛሬ ትመጣለች ብያቸዋለሁ፤ አታስዋሺኝ።»

«መጣሁ» አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ደረጃውን ወረደች።